አርክቴክቱ ሲጠራ መሬቱ ተመርጦ አልቋል

ቤት ለመሥራት ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚያማክረው ዘመድ ነው። ቀጥሎ ግንበኛ ወይም ፎርማን ይፈልጋል። አርክቴክት ትዝ የሚለው መጨረሻ ላይ ነው፤ ፈቃድ ሰጪው ቢሮ «ፕላን አምጡ» ሲል። ያኔ አንድ የሚሠራ ልጅ ይፈለጋል፣ ዋጋ ይከረከራል፣ ፕላኑ ቶሎ ተሠርቶ ይወጣል። ማህተም ያርፍበታል፣ ፈቃድ ይወጣበታል፣ ከዚያ መሳቢያ ውስጥ ይገባል። ሳይት ላይ የሚሠራው ግን ፎርማኑ በልቡ የያዘው ፕላን ነው።

ይሄ የአንድ ሰው ቤት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ቤት በሺህ ሲሠራም ነገሩ ከዚህ ብዙ አይርቅም። መሬቱ የት ይሁን? ለአንድ ቤት ስንት ብር ይውጣ? ስንት ፎቅ ይሁን? ይሄ ሁሉ ከተቆረጠ በኋላ ነው አርክቴክቱ «በል እንግዲህ ሥራው» የሚባለው። እሱ የቀረውን ይሠራል። ሰው ደግሞ የቀረውን አይቶ «አርክቴክት ማለት ሕንፃ የሚያሳምር ነው» ይላል።

አርክቴክት ለቤት አቅርቦት፣ ለሰፈር ኑሮና ለአካባቢ ጥበቃ በእርግጥ ምን ይጠቅማል? ሁላችንም ከምናውቀው ነገር ብንጀምር ይሻላል፤ ከአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም።

ከቀበሌ ቤት ወደ ብሎክ

መነሻው ሐምሌ 1967 ዓ.ም. ነው። አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። የወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች ለቀበሌ ሄዱ፤ ከዚያ በላይ ያሉት «ኪራይ ቤቶች» ለሚባለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት። የቀበሌ ቤት ኪራይ ለብዙ ዓመታት የጥቂት ብር ነገር ሆኖ ቀረ። ለተከራዩ እሰየው ነው። ግን በዚያ ገንዘብ ጣሪያ አይቀየርም። ተከራዩም የራሱ ባልሆነ ቤት ላይ ብር አያፈስም፤ ላፍስስ ቢልም ያለ ፈቃድ ግድግዳ አይነካም። አብዛኞቹ ደግሞ የጭቃ ቤቶች ነበሩ። የጭቃ ቤት በየጊዜው ከተመረገ ዕድሜው ረጅም ነው፤ ከተረሳ ግን ይዘማል። መሃል ከተማው ለ30 ዓመት ያህል እንደተረሳ ቆየ።

በ1996 ዓ.ም.፣ አርከበ ዕቁባይ አዲስ አበባን በሚመሩበት ጊዜ፣ ከተማው የኮንዶሚኒየም ፕሮግራሙን ጀመረ። የግንባታ ዘዴው ጂቲዜድ ከተባለው የጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅት ጋር የተሞከረ የርካሽ ቤት አሠራር ነበር። ሙከራው ቦሌ ገርጂ ላይ ታየ። ቀመሩን ሁላችንም በቃላችን ይዘነዋል፦ ነዋሪው 20 በመቶ ይቆጥባል፣ 80 በመቶውን ከባንክ ይበደራል፣ ዕጣ ይጠብቃል። በ2005 ዓ.ም. እንደገና ሲመዘገብ 10/90 እና 40/60 ተጨመሩ።

እዚህ ላይ አርክቴክቶችና መሐንዲሶች የሠሩት ሥራ ብዙም አልተነገረለትም። ወለሉን ውሰዱት። በተለመደው አሠራር ሙሉ ወለሉ በጣውላ ይታጠርና ወፍራም ኮንክሪት ይሞላል። በኮንዶሚኒየሙ ግን ቀድመው የተሠሩ ቀጫጭን ቢሞች ይደረደራሉ፣ በመሃላቸው ክፍት ብሎኬት ይገባል፣ ከላይ ስስ ኮንክሪት ይፈስሳል። ጣውላ ይተርፋል፣ ሲሚንቶና ብረት ይቀንሳል። ቢሙንና ብሎኬቱን በጥቃቅንና አነስተኛ የተደራጁ ወጣቶች ስለሚያመርቱትም ከቤቱ ጋር ሥራ ይፈጠራል። ደረጃው ክፍት ነው፤ መብራትና አየር በነፃ ይገባል። ጂ ፕላስ 4 የሆነውም ያለ ምክንያት አይደለም። ሊፍት ሳያስገቡ ሰው ውጣ ሊባል የሚችልበት ጫፍ እሱ ነው።

ጫፍ ነው ያልኩት አውቄ ነው። አንድ ፎቅ 3 ሜትር ያህል ነው እንበል። አራተኛ ፎቅ 12 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። አንዱ የደረጃ እርከን 17 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ወደ 70 እርከን ይመጣል። ውሃ ሲጠፋ ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን 20 ኪሎ ነው። እናት እዚያ ላይ ካሉና ጉልበታቸው ካስቸገራቸው ቤታቸው ሳያስቡት እስር ቤት ይሆናል። ለልቅሶ መውረድ ራሱ ምክክር ይጠይቃል።

ምጣዱ የት ይቀመጥ?

አንድ ቤት ለማን እንደታሰበ ለማወቅ ኩሽናውን ማየት ይበቃል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከዳር እስከ ዳር 60 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይበላል። አንድ እናት ለሳምንት ስትጋግር እንፋሎቱ ግድግዳውን ያርሳል። የሊጥ ባልዲ፣ የሰፌድና የመሶብ ቦታም ይፈለጋል። ስቱዲዮ ቤት ውስጥ ይሄ ሁሉ አልጋው አጠገብ ነው የሚሆነው። ስለዚህ ሰው ምጣዱን በረንዳ ላይ ያወጣል፤ ወይም ደረጃው ጥግ ላይ። ጎረቤት እንፋሎቱን ይተነፍሳል፣ ቆጣሪው ይወድቃል፣ ጠብ ይነሳል።

ነገሩ ታስቦበት አልነበረም ማለት ግን አይቻልም። በየጊቢው የጋራ መገልገያ ቤት ተሠርቷል። ለበግ ማረጃ፣ ለልብስ ማጠቢያ፣ ለመጋገሪያ፣ ለሠርግና ለልቅሶ ማብሰያ ተብሎ ነው። የአገሩን ኑሮ የሚያውቅ ሰው የሳለው ነገር መሆኑ ያስታውቃል። ሆኖም በብዙ ሳይት ያ ቤት ዛሬ ተከራይቷል፣ መጋዘን ሆኗል፣ ወይም ተቆልፎበታል። ለምን? አንዱ ምክንያት እነዚያው 70 እርከኖች ናቸው። ሊጥ ተሸክሞ መውረድ፣ እንጀራ ተሸክሞ መውጣት። ሌላው ደግሞ ቁልፉ ማን ጋ ይሁን፣ መብራቱን ማን ይክፈል፣ ተራው እንዴት ይያዝ የሚለውን የወሰነ ሰው አለመኖሩ ነው። ሕንፃው ተሳለ፣ አጠቃቀሙ አልተሳለም።

መፍትሔው ውድ አይደለም። ለምጣድ የምትሆን አንድ ሜትር የማትሞላ ጥግ፣ ጭስና እንፋሎት ማውጫ ቀዳዳ፣ ለብቻው የተሳበ የመብራት መስመር። ወረቀት ላይ ከሆነ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ሕንፃው ካለቀ በኋላ ግን በየቤቱ ግድግዳ መብሳት ነው። ጥሩ አርክቴክት ለዚህ ነው እርሳስ ከማንሳቱ በፊት ሰዎች ቤት ገብቶ ቡና የሚጠጣው። ወሬ ሊሰማ ብቻ አይደለም የሚቀመጠው፤ ረከቦቱ የት እንደተዘረጋና እንግዳ ሲመጣ ልጆቹ የት እንደሚሄዱ ያያል።

በብሎክና በብሎክ መሃል

ሰው ዕጣ ሲደርሰው የሚያገኘው ቤት ነው። ሰፈር ግን በዕጣ አይደርስም።

የድሮው የአዲስ አበባ ሰፈር በመኳንንቱ ግቢዎች ዙሪያ የበቀለ ነው። ሀብታሙና ድሃው አጥር ለአጥር ኖረዋል። መንገዱ ጠባብ ነው፣ በሩ መንገድ ላይ ይከፈታል፣ ማን ገባ ማን ወጣ ይታወቃል። በሽተኛ ያለበት ቤት፣ ልጅ የጠፋበት ቤት ይታወቃል። ይሄን ያመጣው የሰዉ ደግነት ብቻ አልነበረም። የበሮቹ አቀማመጥና የመንገዱ ስፋትም ድርሻ ነበራቸው። (መጸዳጃ ቤቱ ግን የጋራ ነበር፣ ክረምት ላይ ጎርፍ ይገባ ነበር። ናፍቆት ሲበዛ ይሄ ይረሳል።)

ኮንዶሚኒየም ላይ በብሎኮች መሃል ያለው ቦታ ሰፊ ነው። ችግሩ የማን እንደሆነ አለመለየቱ ነው። የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ባለቤቶች ማህበር መሥርተው የጋራውን አብረው እንዲያስተዳድሩ ይላል። ወረቀቱ ጥሩ ነው። መሬት ላይ ግን ባለቤቱ ያልታወቀ ቦታ ቀድሞ ለደረሰ ይሆናል። መኪና ያለው ያቆምበታል። የምድር ቤት ነዋሪ በቆርቆሮ አጥሮ ጎመን ይተክልበታል። ልጆች ኳስ ሲጫወቱ መስታወት ይሰበራል፣ ከዚያ «እዚህ መጫወት ክልክል ነው» የሚል ታፔላ ይሰቀላል።

ዕድሩ ግን ቦታውን በደንብ ይጠቀምበታል። ድንኳኑ የሚተከለው፣ አግዳሚው የሚደረደረው፣ ድስቱ የሚጣደው እዚያው ነው። አንድ ድንኳን ስንት ሜትር በስንት ሜትር እንደሆነ፣ ውሃ ከየት እንደሚመጣለት፣ እንጨትና ከሰሉ የት እንደሚነድ፣ አስከሬን የጫነ መኪና በየት እንደሚገባ ማንኛውም የዕድር ዳኛ ይነግራችኋል። የአርክቴክት ሳይት ፕላን ላይ ግን ይሄ ቦታ ብዙ ጊዜ አረንጓዴ ተቀብቶ ዛፍ ተስሎበት ነው የምናየው። ሰፈር መፍጠር የሚባለው ሥራ ለእኔ ይሄ ነው፦ የዕድሩን ዳኛ ጠርቶ ድንኳኑ የሚቆምበትን ቦታ ማንጠፍ፣ አጠገቡ ቧንቧ ማውጣት፣ በቀሩት ቀናት ልጆች እንዲጫወቱበት መተው። ሐውልትና ፏፏቴ ቆይቶ ይደርሳል።

ስለ ሱቆቹም አንድ ነገር። ምድር ቤት ያሉት ሱቆች በጨረታ ይሸጣሉ፤ ገቢው የመኖሪያዎቹን ወጪ ይደጉማል። ብልህ ሐሳብ ነው፣ መንገዱም ሕይወት ያገኛል። ነገር ግን የጉልት ነጋዴዋ ጨረታ አትገባም። ቲማቲምና ቃሪያዋን ሱቁ ፊት ለፊት መሬት ላይ ትዘረጋለች፣ ደንብ አስከባሪ ሲመጣ ጠቅልላ ትሮጣለች። ለእሷ የሚበቃት ሁለት ሜትር መደብና ጣሪያ ነበር። ከሱቅ ይረክሳል፣ ለነዋሪውም ይቀርባል። ማንም አላሰባትም፤ ምክንያቱም ፕሮግራሙ ሲጻፍ ዝርዝሩ ውስጥ አልነበረችም።

ከሁሉ የከፋው ርቀቱ

እስካሁን ያልነው ሁሉ በጎበዝ ንድፍ የሚስተካከል ነው። ርቀት ግን በንድፍ አይስተካከልም። ሰፋፊዎቹ ሳይቶች፣ የካ አባዶ፣ ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ቦሌ አራብሳ፣ ሁሉም ዳር ናቸው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ባዶ መሬት የሚገኘው ዳር ነው። ቤቱ ረከሰ ይባላል። ግን ታክሲው፣ አውቶቡስ ጥበቃው፣ ጨለማ ላይ ወጥቶ ጨለማ ላይ መግባቱ የቤቱ ዋጋ ውስጥ አልተቆጠረም። ከተማውም መንገድ፣ ውሃ፣ መብራትና ፍሳሽ እስከዚያ ድረስ መጎተት አለበት። ብዙ ዕጣ የደረሳቸው ሰዎች ቤቱን አከራይተው ራሳቸው ለሥራቸው ቀረብ ያለ ርካሽ ክፍል ይከራያሉ። አንዱ ምክንያት የባንክ ዕዳው ነው፣ ሌላው ርቀቱ።

እዚህ ላይ የቺሊን ታሪክ ማምጣት ያስፈልጋል። በሰሜን ቺሊ፣ ኢኪኬ በምትባል የወደብ ከተማ መሃል፣ ኪንታ ሞንሮይ የሚባል ግማሽ ሄክታር ቦታ አለ። 100 ገደማ ቤተሰቦች ለ30 ዓመት ጨረቃ ቤት ሠርተው ኖረውበታል። መንግሥት ለአንድ ቤተሰብ የሚሰጠው ድጎማ 7,500 ዶላር ብቻ ነበር። በዚያ ገንዘብ መሬት ይገዛል፣ ውሃና መንገድ ይገባል፣ ቤት ይሠራል። መሬቱ ደግሞ መሃል ከተማ ስለሆነ ለእንዲህ ዓይነት ቤት ከሚገዛው ሦስት እጥፍ ያህል ውድ ነበር። ቀላሉ መንገድ የታወቀ ነው፤ ሰዎቹን ዳር ወስዶ ማስፈር።

በአሌሃንድሮ አራቬና የሚመራው ኤሌሜንታል የተባለ ቡድን ግን ሂሳቡን ገልብጦ ሠራው። መጀመሪያ መሬቱን ገዙ፤ ሰዎቹ ከሥራቸውና ከልጆቻቸው ትምህርት ቤት እንዳይርቁ። ከዚያ በቀረው ገንዘብ 36 ካሬ ሜትር ገደማ ብቻ ሊሠራ ቻለ። ለአንድ ቤተሰብ ጠባብ ነው። ስለዚህ ጠባብ ቤት ከመሥራት የሰፊ ቤት ግማሽ ሠሩ። የትኛውን ግማሽ? ቤተሰቡ በራሱ ጉልበት ሊሠራው የሚከብደውን። ዋናው መዋቅር፣ ደረጃው፣ ኩሽናው፣ መታጠቢያው፣ ከጎረቤት የሚለየው እሳት የማያሳልፍ ግድግዳ። በየቤቱ መሃል ክፍተት ተተወ። ቤተሰቡ ገንዘብ ሲያገኝ ክፍተቱን ሞልቶ ወደ 70 ካሬ ያደርሰዋል። እ.ኤ.አ. በ2004 ሲያልቅ 93 ቤተሰቦች ገቡበት። አራቬና እ.ኤ.አ. በ2016 የአርክቴክቸር ትልቁ ሽልማት የሆነውን ፕሪትዝከርን ተቀበሉ። «ግማሽ ቤት ሰጥቶ መንግሥትን ከኃላፊነት ማስመለጥ ነው» የሚሉ ተቺዎች አሉ፤ ነጥብ አላቸው። ግን ሰዎቹ መሃል ከተማ ቀሩ።

ለእኛ ይሄ እንግዳ ነገር አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ ቦታ ያገኘ ሰው መጀመሪያ ሰርቪስ ቤት ሠርቶ ይገባል፤ ዋናው ቤት በኋላ ይመጣል። ምድር ቤቱን ጨርሶ ፌሮውን ለወደፊቱ ፎቅ ጣሪያ ላይ ሽቅብ የተወ ቤት በየሰፈሩ ነው። ሕዝቡ ቀስ በቀስ መሥራት ያውቅበታል። ኮንዶሚኒየሙ ግን ይሄን ዕውቀት በር ላይ ዘጋበት። አርክቴክት ቀድሞ ቢጠራ የመጀመሪያ ጥያቄው «ስንት ብሎክ?» ሳይሆን «መሃል ከተማ ያለውን ቦታ በዚህ ገንዘብ እንዴት እንጠቀምበት?» ይሆን ነበር። ያኔ ግን የገንዘብ አከፋፈሉም፣ ሕጉም፣ የባንኩ ብድርም አብሮ መቀየር አለበት። አርክቴክት ብቻውን የሚያደርገው አይደለም። የሲሚንቶ ዋጋም አያወርድም፣ የብድር ወለድም አይቀንስም።

ሲሚንቶው፣ ፀሐዩ፣ የሚፈርሰው

ዘላቂ ልማት ሲባል ብዙ ሰው ጣሪያ ላይ ያለ ሶላርና ግድግዳ ላይ የሚወጣ ሐረግ ይታየዋል። ትልቁ ነገር ግን ከላይ ያየነው ርቀት ነው። ቀጥሎ ሲሚንቶ ይመጣል። ሲሚንቶ ለማምረት የኖራ ድንጋይ ወደ 1,450 ዲግሪ ሙቀት በሚደርስ ምድጃ ይቃጠላል። ነዳጁ ጭስ ያወጣል፤ ድንጋዩ ራሱም ሲቃጠል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል። ዓለም ከምትለቀው ካርቦን 8 በመቶ ገደማ የሚሆነው ከሲሚንቶ ነው። ስለዚህ ወለሉን ያሳሳ ያ የቢምና የብሎኬት አሠራር፣ ያኔ ለዋጋ ተብሎ ቢሠራም፣ ለአካባቢም ጥቅም ነበረው።

ፀሐይን በተመለከተ ባጭሩ፦ አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ ከአናት ብዙ አትርቅም። ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ያየ መስኮት በትንሽ ጥላ ይጠበቃል። ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ ያየው ግን ዝቅ ብላ የምትገባውን ፀሐይ ይቀበላል። ለኅዳር ብርድ ይሄ ጥሩ ሊሆን ይችላል፣ ለየካቲት ከሰዓት ግን አይደለም። ቁም ነገሩ መምረጥ ነው። አንድ ዓይነት ብሎክ በአራቱም አቅጣጫ እየዞረ ሲተከል ግን ማንም አልመረጠም ማለት ነው።

ከሁሉ የሚረክሰው ሕንፃ ደግሞ የቆመው ነው። ፈረንሳይ፣ ቦርዶ ከተማ ውስጥ ግራን ፓርክ የሚባል ሰፈር አለ። እዚያ 530 ቤት የያዙ ሦስት ያረጁ ረጃጅም ብሎኮች ነበሩ። አርክቴክቶቹ አን ላካቶንና ዣን ፊሊፕ ቫሳል ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ከማፍረስ ይልቅ ብሎኮቹ ፊት ላይ 3.8 ሜትር ጥልቀት ያለው ባለ መስታወት በረንዳ ጨመሩ። ቤቱ ሰፋ፣ ብርሃን ገባ፣ ነዋሪዎቹም ሥራው ሲሠራ እዚያው ነበሩ። እኛ ጋ ጥያቄው በቅርቡ ይመጣል። የመጀመሪያዎቹ ኮንዶሚኒየሞች ሃያ ዓመት አልፏቸዋል። ቧንቧቸው ይንጠባጠባል፣ ደረጃቸው ተሸርፏል። ከአሁኑ የሚጠግናቸው ካልተገኘ «ያረጀ ነው፣ ይፍረስ» መባሉ አይቀርም። የቀበሌ ቤቶቹ ላይ የሆነውን አይተናል።

ለገዢ አንድ ምክር

ከመንግሥት ይልቅ ከሪል ስቴት የምትገዙ፣ በተለይ ከውጭ አገር ሆናችሁ በሥዕል የምትገዙ፣ የሚላክላችሁ ምሽት ላይ መብራቱ የበራ፣ የሚያብረቀርቅ የኮምፒውተር ሥዕል ነው። እሱን ተዉትና ሳይት ፕላኑን ጠይቁ። ከብሎክ እስከ ብሎክ ስንት ሜትር እንደሆነ እዩ። የጋራ የተባለው ቦታ በውላችሁ ላይ የማን ተብሎ እንደተጻፈ አንብቡ። ሊፍት ካለ ሲበላሽ ማን እንደሚያስጠግነው፣ ውሃ በፈረቃ ሲመጣ ታንከሩ ስንት ሊትር እንደሚይዝ ጠይቁ። የሳሎኑ መስኮት ወደየት እንደሚያይ ኮምፓስ ይዛችሁ አረጋግጡ። ከዚያ ሻጩን ምጣዱ የት እንደሚቀመጥ ጠይቁት። ከሳቀ፣ ሌላ ሳይት ብታዩ ይሻላል።